ኦክሲጅን ያነሰው የፕሮስቴት ነቀርሳ



ከኅብረታችን አባላት አንዱ ሰሞኑን ጥያቄ አቀረበልን። አባቱ የፕሮስቴት ነቀርሳ ይዟቸው የጨረር ሕክምና ታዞላቸዋል። ሐኪሞቹ ግን በቅድሚያ ለሁለት ወር የሆርሞን መርፌ ብቻ እንዲወስዱ ነግረዋቸዋል። «ሽማግሌ ናቸው ብለው ችላ ብለዋቸው ይሆን?» ይላል ጓደኛችን። እኛ ገና ተማሪዎች ነንና በእርሳቸው በሽታ ላይ አንፈርድም፤ የተማርነውን ያህል ግን ለማብራራት እንሞክራለን።

ነቀርሳ የሚያድገው የደም ሥሮች ሊደርሱለት ከሚችሉት በላይ ፈጥኖ ነው። ኦክሲጅን ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያነሰ ርቀት ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሕዋሳት ይታፈናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችን «ታፍነው ካለቁ ግልግል ነው» ብለን ነበር። ብዙዎቹ በእርግጥ ይሞታሉ፤ የቀሩት ግን ችግሩን ይለምዱታል።

የሚለምዱትም እንዲህ ነው። በሕዋሳት ውስጥ ሂፍ-1 የሚባል ፕሮቲን ዘወትር ይሠራል። ኦክሲጅን ሲበቃ አንድ ኤንዛይም ያንኑ ኦክሲጅን ተጠቅሞ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የተደረገበትም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ኦክሲጅን ሲጎድል ምልክት አድራጊው ሥራ ይፈታል። ሂፍ-1 ይጠራቀምና ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ ብዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ ስኳርም ያለ ኦክሲጅን እንዲፈጭ ያዛል። ይህን ሥርዓት የገለጹት ሰሜንዛ፣ ራትክሊፍና ኬሊን በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሥርዓቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጨምሩለት በዚሁ ዓይነት መልእክት ነው።

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ። የወንድ ሆርሞን ሲቀነስ የፕሮስቴት ነቀርሳ እንደሚያፈገፍግ ሀጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ቅራኔው ግን እዚህ ላይ ነው። በእንስሳት ላይ እንደታየው ሆርሞኑ ሲጎድል የእባጩ የደም ሥሮችም ይሳሳሉ፤ በመጀመሪያው ሰሞን ኦክሲጅኑ ይብሱን ያንሳል። በላቦራቶሪም ሂፍ-1 የሆርሞኑን ተቀባይ ፕሮቲን ሲያግዝ ታይቷል፤ ጥቂት ሆርሞን የብዙውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ጨረር ደግሞ የሕዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ሲሰብር ስብራቱ እንዳይጠገን የሚያደርገው ኦክሲጅን ነው። ኦክሲጅን ያጣውን ሕዋስ ለመግደል እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል። በመርፌው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን እባጩ ይሟሽሻል፤ ተሻሚው ሲቀንስ ለቀሩት የሚደርሰው ኦክሲጅን በሕሙማን ላይ ሲጨምር ተለክቷል። መርፌው ከጨረር የሚቀድምበት ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም አንዱ ይኸው ነው።

የጓደኛችን አባት ሁለተኛውን መርፌ የሚወስዱት በመጪው ሳምንት ነው።