የገበጣን ሕግ ማወቅና መጻፍ

ገበጣ ለመጫወት ገንዘብ አያስፈልግም። ከእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ ያለው በእንጨቱ ይጫወታል፤ የሌለው መሬት ላይ ጉድጓድ ይጭራል። እረኞች ከብት ሲጠብቁ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ጠጠር ከጠፋ ባቄላም ሽምብራም ይሆናል። ሽምብራው ግን አንዳንዴ ከጨዋታው ቀድሞ ስለሚያልቅ ጠጠሩ ይሻላል።

የሚያስፈልገው ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ በየቦታው ይለያያል። ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ አለ፤ ባለ ሦስት ረድፍ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት እጅግ ብዙ ዓይነት አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ከአገራችን ውጭም የገበጣ ዘመዶች አሉ። በጋና ኦዋሬ፣ በታንዛኒያ ባኦ ይባላሉ። ባኦማ አራት ረድፍ፣ 32 ጉድጓድና 64 ፍሬ ያለው ከባድ ጨዋታ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች «ና ገበጣ እንጫወት» ተባብለው ሲቀመጡ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጨዋታ በልባቸው ይዘዋል ማለት አይደለም። ጠቡ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዛሬው ትምህርታችን ከብዙዎቹ አጨዋወቶች አንዱን ብቻ እንያዝ። ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር። 12 ጉድጓድ በ4 ሲባዛ 48 ጠጠር ይሆናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ገበጣንም በፊደል ሊቆጥር ይችላልና ለጉድጓዶቹ ስም እንስጣቸው። ከፊታችን ያለው የእኛ ረድፍ ነው፤ ከማዶ ያለው የባላጋራችን ነው።

ቸ ተ በ ቀ ሸ ሰ
ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ

ልብ በሉ፣ ፊደሉ ከሀ ተነሥቶ ወደ ቀኝ እስከ ረ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ማዶ ተሻግሮ ከሰ እስከ ቸ ይመለስና እንደገና ሀ ላይ ይደርሳል። ጠጠሩም የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነው። ከሀ እስከ ቸ ልክ 12 ፊደል ስለሆነ አንድም ጉድጓድ ያለ ስም አይቀርም።

ተራው የደረሰው ተጫዋች ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ጠጠሩን በሙሉ ያነሣል። ከሚቀጥለው ጉድጓድ ጀምሮ አንድ አንድ ጠጠር እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች፣ በዚያ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ እሷን ጨምሮ ያነሣና ጉዞውን ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ግን ጉዞው ያበቃል። ያ ባዶ ጉድጓድ የራሱ ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ባለው የባላጋራው ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ይበላል። ባዶው ጉድጓድ የባላጋራው ከሆነ ምንም አይበላም፤ ተራው ያልፋል። ባለ ተራው ከራሱ ረድፍ የሚያነሣው ጠጠር ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል፤ በማዶው ረድፍ የቀረው ጠጠር ለረድፉ ባለቤት ይቆጠራል። ከ48ቱ 25 ያገኘ አሸነፈ ማለት ነው፤ 24 ለ24 ከሆነ እኩል ነው።

አሁን እንሞክረው። ከሀ እንጀምር እንበል። 4ቱን አንሥተን ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ላይ እንጥላለን። ሠ 4 ነበረው፤ አሁን 5 ሆነ። 5ቱን አንሥተን ከረ እስከ በ እንሄዳለን። በ ላይም 5 ሆነ፤ እሱንም አንሥተን በተ፣ በቸ፣ በሀ፣ በለ አልፈን ሐ ላይ እንደርሳለን። ሐ ቀድሞ 5 ደርሶ ነበርና አሁን 6 ነው። 6ቱን ይዘን እስከ ቀ፣ ከቀ ደግሞ 6 አንሥተን በበ፣ በተ፣ በቸ፣ በሀ፣ በለ በኩል ተመልሰን ሐ ላይ እናርፋለን። ሐን አሁን ያራቆትነው እኛው ነንና ባዶ ነው፤ ጉዞው አበቃ። የሐ ፊት ለፊት በ ነው። በ ላይ ስንት ጠጠር አለ? አንድ! ይሄን ሁሉ ዞረን፣ 26 ጠጠር ጥለን፣ የበላነው አንዲት ጠጠር ነው።

ከለ ብንጀምርስ? ለ፣ ከዚያ ረ፣ ከዚያ ተ፣ ከዚያ መ፣ ከዚያ በ ላይ እያነሣን ሄደን የመጨረሻዋ ጠጠር መ ላይ ትወድቃለች። መ ባዶ ነው። ፊት ለፊቱ ቀ አለ፤ ቀ ላይ ደግሞ 6 ጠጠር ተቀምጧል። 6ቱን በላን! የጉዞው ርዝመት ያው 26 ጠጠር ነው፤ የተለየው የመነሻው ጉድጓድ ብቻ ነው። ከሠ ወይም ከረ የጀመረ ሰው ግን የመጨረሻ ጠጠሩ ማዶ ሄዳ ባዶ ጉድጓድ ትገባለች፤ ምንም አያገኝም።

ሰው ሲጫወት አይተን ገበጣ የዕድል ጨዋታ ነው እንል ይሆናል። እንዴት ሆኖ? የተደበቀ ነገር የለም፤ 48ቱም ጠጠር ፊት ለፊት ተዘርግቷል። ገበጣ ያስተማሩን አንድ አዛውንት እጃችን ጠጠሩ ላይ ሲቸኩል ያዩና «ልጆቼ፣ በዓይናችሁ ዙሩና ከዚያ በእጃችሁ ዙሩ» ይሉን ነበር። እሳቸው ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ ነገር ግን የአምስት ዙር ጉዞ ጠጠር ሳይነኩ በልባቸው ይቆጥሩ ነበር።

ከዚህ ስሌት አንድ ከባድ ጥያቄ ይወጣል። የሚጀምረው ሰው ገና በመጀመሪያው ተራ 6 ጠጠር መብላት ከቻለ፣ ማን ይጀምር የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ ጠጠር በእጅ ደብቆ «የት ነው?» ማለት፣ ወይም በሚቀጥለው ጨዋታ ተራ መለዋወጥ ተገቢ ነው። ተራ ራሱ ሕግ ነው። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። በእኛ ገበጣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እሱ ሲዞር እኔ እጄን እሰበስባለሁ።

ደግሞ አንዲት ቃል ብትለወጥ ጨዋታው ምን ያህል እንደሚለወጥ እንይ። «ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ከደረስክ አንሥተህ ቀጥል» የሚለውን ብናስቀር፣ ከሀ የተነሣ ሰው ሠ ላይ ቆሞ ይቀራል። 26 ጠጠር የነበረው ጉዞ 4 ሆነ። እንግዲህ አንዱ «ቀጥል» ከሚባልበት አገር፣ ሌላው «ቁም» ከሚባልበት አገር መጥተው ቢገናኙስ? አንደኛው 6 ጠጠር ያነሣል፤ ሁለተኛው «ኧረ ተው፣ ሌብነት ነው!» ይለዋል። ሁለቱም በአገራቸው ሕግ ልክ ናቸው፤ ግን ተኳርፈው ይሰነብታሉ። እኒያው አዛውንት እንዲህ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ለዳኝነት መጥተውባቸው ጠጠሩን እንኳ ሳያዩ፣ «ሕጉን ሳትነጋገሩ ለምን ተቀመጣችሁ?» አሏቸው።

መነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ጽፎ ማስቀመጡ ይበልጣል። የቃል ሕግ ጨዋታው ሲጋል ወደ ተሸናፊው በኩል ይንሸራተታል። በጽሑፉ ውስጥ የረድፉና የጠጠሩ ቁጥር፣ የመዞሪያው አቅጣጫ፣ የሚቆምበትና የሚበላበት ሁኔታ ይገባል። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የገባችው ጠጠር ራሷ ትበላለች ወይስ እዚያው ትቀመጣለች? እኛ ከላይ እዚያው አስቀምጠናታል። አንድ ጉድጓድ 12 ጠጠር ካጠራቀመስ፣ ሲዞር የተነሣበትን ጉድጓድ ይዘላል ወይስ አይዘልም? እንዲህ ያለው ነገር የሚታወሰው ጠቡ ከተነሣ በኋላ ነው። የመንደሩ አረጋውያን የሚያውቁትን ሕግ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ደግሞ ሌላ ማንም የማይሠራልን ሥራ ነው።

መልመጃ

ከለ ተነሥተን 6 ጠጠር ከበላን በኋላ በገበጣው ላይ 42 ጠጠር ይቀራል፤ 23 በእኛ ረድፍ፣ 19 በማዶ። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጠጠር ቆጥራችሁ ከፊደሉ አጠገብ ጻፉ።

ከሐ ወይም ከመ ብንጀምር የመጨረሻዋ ጠጠር የት ትወድቃለች? ስንት ጠጠርስ እንበላለን? መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በጠጠር ሞክሩት።

በአካባቢያችሁ ገበጣ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቁና የነገሯችሁን ሕግ በየወረቀቱ ጻፉ። ሁለቱ ወረቀቶች የሚለያዩት የት ላይ ነው?