የፍየሏን ኪሳራ ማን ይክፈል?

ከድሬዳዋ በድሮው የባቡር መስመር ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ሽንሌ ይደርሳሉ። በከተማዋ ዳርቻ ቁጥቋጦው ላይ የሚንጠለጠለው ፌስታል ትናንት ጫት ወይም ስኳር የተቋጠረበት ነው። ፍየል ግን አትመርጥም፤ ትበላዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጅግጅጋ ቄራ ጥናት በእርድ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ከተገኙት ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ ግንባር ቀደሙ መሆኑን አሳይቷል። ጨጓራዋ የታፈነ ፍየል ትከሳለች፤ ገበያ ብትወጣም ዋጋ አታወጣም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። በፌስታሉ ዋጋ ውስጥ ጥሬ ዕቃው፣ መብራቱ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ አለ። የፍየሏ ኪሳራ ግን የለበትም። በኢኮኖሚክስ ይህ ውጫዊ ወጪ ይባላል፤ አምራቹም ሸማቹም ያልከፈሉትን አርብቶ አደሩ ይከፍላል።

ይህን ለማረም የመጣው ሐሳብ «የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት» ይባላል። ዕቃውን ያመረተ ወይም ያስገባ ነጋዴ፣ ዕቃው ቆሻሻ ሲሆን የመሰብሰቢያውን ወጪ ይችላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 በማሸጊያዎች ላይ ጀመረችው፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ2022 በሕጓ አስገብታዋለች።

ለእኛም እንግዳ አይደለም። ባለሱቅ ለቢራና ለለስላሳ ጠርሙስ ማስያዣ ስለሚከፍል ባዶውን ጠብቆ ይመልሳል። ሜዳ ላይ ቢወድቅም የሚያነሳው አይጠፋም። «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ግን ማስያዣ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ በኪሎ የሚገዛው ይገኛል። ክብደቱ ቀላል፣ የሚይዘው ቦታ ግን ሰፊ በመሆኑ ከሽንሌ ቢጫን የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። የአምራቹ ክፍያ ሊሸፍን የሚገባው ይህንን ኪራይ ነው።

መንግሥት በፌስታል ላይ የመረጠው ክልከላን ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውንና የማይበሰብሰውን ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ቢያዝም ፌስታሉ አልጠፋም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ይዞ የተገኘን ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። በእኔ እምነት ይህ ዱላ ከአምራቹ ይልቅ ጫት ሻጯ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል።

ሌላም ጣጣ አለ። ሽንሌ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት። ክፍያ የሚጠየቀው ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ ነው፤ በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ግን ባለቤቱ አይታወቅም። ሕጋዊው አምራች የመሰብሰቢያውን ወጪ ዋጋው ላይ ሲጨምር ኮንትሮባንዲስቱ በድሮው ዋጋ እየሸጠ ገበያውን ይወስድበታል። ኬላው ካልጠበቀ ሕግ አክባሪው ከስሮ ይወጣል፤ ፍየሏም ፌስታሉን መብላቷን አትተውም።