የወገብ ሕመምና የአከርካሪ ዲስክ

ወገቤን አሞኝ ራጅ ስነሣ «ዲስክህ አርጅቷል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲያ ጄሪካን ማንሣት ቀርቶ የወደቀ ጠመኔ ለማንሣት እንኳ ጎንበስ ማለት ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን ካለማወቅ የመጣ ነበር።

ዲስክ ምንድን ነው? በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የሚያገለግል ክፍል ነው። በሰው ጀርባ 23 ዲስኮች ይገኛሉ። ዙሪያቸው ጠንካራ፣ መካከላቸው ውኃ ያዘለና ለስላሳ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፤ ዲስኩም ይሳሳል። ይህ እንደ ፀጉር መሸበት ያለ ነገር ነው።

ታዲያ ዲስኩ ያረጀ ሁሉ ይታመማል? አይታመምም። በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 ከመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 ከመቶው የዲስክ ማርጀት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ፎቶው ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አይናገርም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል።

ምን እናድርግ? ለቀናት ከመተኛት ይልቅ እንደ አቅማችን እንንቀሳቀስ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ለሁለት ከፍለን እንያዝ። ስናነሣ ጉልበታችንን አጥፈን ዕቃውን ወደ ሰውነታችን እናስጠጋ።

ሆኖም እግር ከዛለ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም እንመርመር፤ ቲቢ አከርካሪንም ይይዛልና።

እኔም ዛሬ ውኃዬን በሁለት ትንንሽ ጄሪካን እየቀዳሁ ነው።