«25» ቁጥር የሚሆነው መቼ ነው?

ሃስኬልን የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ገና በመጀመሪያዋ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ነው። ዕድሜ ጠይቃ፣ 1 ደምራ የምታሳይ ፕሮግራም ናት። «ጌትላይን» ብሎ ይጽፍና ከጎኑ «+ 1» ያደርጋል። ኮምፓይለሩ አይቀበለውም። ተማሪው አንድ ስህተት የሠራ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን ሁለት ነው። ቀስ ብለን ለየብቻ እንያቸው።

ጌትላይን ጽሑፍ አይደለም፤ ከኪቦርድ ጽሑፍ የማምጣት ትእዛዝ ነው። «ውኃ አምጡልኝ» ማለት ውኃ አይደለም፤ ጥም የሚቆርጠው የተላከው ሰው ቀድቶ ሲመለስ ነው። የጌትላይን ታይፕ «ስትሪንግ» ሳይሆን «አይኦ ስትሪንግ» የሆነውም ለዚህ ነው። በሃስኬል አንድ ፈንክሽን ለአንድ ግብዓት ምንጊዜም ያንኑ መልስ ይሰጣል። ሰው የሚጽፈው ግን ዛሬና ነገ ይለያያልና፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ «አይኦ» የሚል ምልክት ይዞ ይገባል። በ«ዱ» ሥር ስም ጽፋችሁ፣ ወደ ግራ የሚያመለክተውን ቀስት አስከትላችሁ ጌትላይን ስትሉ፣ የመጣው ጽሑፍ በዚያ ስም ይያዛል።

ተጠቃሚው 25 ብሎ ጻፈ እንበል፤ አሁን በእጃችን «25» አለ። እሱም ቢሆን ገና ቁጥር አይደለም፤ «2» እና «5» የተባሉ የሁለት ካራክተሮች ቅደም ተከተል ነው። በጃቫስክሪፕት 1 ብትደምሩበት ዝም ብሎ «251» ያደርገዋል። ሃስኬል ግን «መጀመሪያ ለውጡት» ይላል። ለጀማሪ ግትርነት ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን ከቋንቋው የምወደው ይህን ነው፣ የተሳሳተ ድምር ተደብቆ አያልፍምና።

ለመለወጥ ቶሎ የሚገኘው «ሪድ» ነው። ኢንት እንደምትፈልጉ ከነገራችሁት «25»ን ቁጥር ያደርገዋል። አንዱ «25 ዓመት» ብሎ ከጻፈ፣ ወይም ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ከመታ ግን ፕሮግራሙ «ኖ ፓርስ» ብሎ እዚያው ይቆማል። «፳፭» ቢጽፍም ያው ነው፤ ሪድ የሚያውቀው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን «ሪድሜይቢ»ን ልመዱ። «ቴክስት.ሪድ» ከተባለው ሞጁል ኢምፖርት ይደረጋል። ጽሑፉ ቁጥር ከሆነ «ጀስት 25»፣ ካልሆነ «ናቲንግ» ይመልሳል፤ ፕሮግራሙን አያቆምም። በ«ኬዝ» ሁለቱንም አስተናግዱ። በጀስት በኩል 25ን አውጥታችሁ 1 ደምሩ። በናቲንግ በኩል «እባክዎ ዕድሜዎን በቁጥር ብቻ ይጻፉ» የሚል መልእክት አሳዩና ያንኑ ጠያቂ ፈንክሽን ከራሱ ውስጥ መልሳችሁ ጥሩት፤ ትክክለኛ ቁጥር እስኪመጣ ደጋግሞ ይጠይቃል።