ከሰኔ በፊት የመስኮት ዳር አደፋፈን

አቃቂ ቃሊቲ ብዙው ቦታ ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። የመስኮቱ ብረት ደግሞ በፀሐይ ይለጠጣል። የዚህ ሁሉ ምልክት ቶሎ የሚታየው ብሎኬቱና የመስኮቱ ፍሬም በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ የሐምሌ ዝናብም የሚገባው በዚያው ነው።

ሱቅ ውስጥ ያሉት የክፍተት መሙያ ቱቦዎች በአንድ ሽጉጥ ስለሚገፉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አክሪሊኩ ውሃው ሲተን ይኮማተራል፣ ብዙም አይለጠጥም። ቀለም ግን ይቀበላል፤ ለኮርኒስ ዳር፣ ለዞኮሎ፣ ለውስጥ በር ይበቃል። ሲሊኮንና ፖሊዩሪታን ከደረቁ በኋላም እንደ ጎማ ይሳባሉ፤ ጥሩዎቹ የክፍተቱን ስፋት 25 ከመቶ ያህል መለዋወጥ ይችላሉ። የውጭ መስኮት የእነዚህ ሥራ ነው። አክሪሊክ ውጭ የሚያደርግ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

ሲሊኮንም ይለያያል። ሲደርቅ አቼቶ የሚሸተው ብረት ያዝጋል፣ ሲሚንቶም ላይ በደንብ አይዝም፤ ለመስታወትና ለሴራሚክ ይሁን። ለብሎኬትና ለብረት ፍሬም ቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚለውን ምረጡ። ቀለም ልትቀቡበት ካሰባችሁ ፖሊዩሪታን ውሰዱ፤ ሲሊኮን ቀለም አይዝም።

ግንቦት ላይ፣ ግድግዳው ደረቅ ሲሆን ጀምሩ። አሮጌውን መሙያ በቢላ ቆርጣችሁ አውጡ፤ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይጣበቅም። ዝገቱንና የላላውን ልስን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ አቧራውን ጥረጉ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ደረጃ ይመጣል፦ ክፍተቱ ውስጥ ክብ የስፖንጅ ገመድ ማስገባት። መሙያው በግራና በቀኝ ብቻ መያዝ አለበት፤ ከጀርባም ከተጣበቀ መለጠጥ አቅቶት ይቀደዳል። ገመዱ ጥልቀቱንም ይወስናል፤ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥልቀቱ 5 ይሁን። በዚህ ልክ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ 6 ሜትር ያህል ያስኬዳል።

በሁለቱም ዳር የወረቀት ስኮች ለጥፉ፣ የቱቦውን አፍ በሰያፍ ቁረጡ፣ ሳታቋርጡ ግፉ። በሳሙና ውሃ በራሰ ማንኪያ ጀርባ ተጭናችሁ አስተካክሉና ስኮቹን ወዲያው ላጡ። ሲሊኮን በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚደርቅ ሁለት ሦስት ቀን አትነካኩት። የአሉሚኒየም ፍሬም ከሆነ ግርጌው ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኑ።

ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ግን ሽጉጡን አስቀምጡ፤ እሱ የመሠረት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው።