የእርሻ ሳይንስ ትምህርት፦ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከዘር ጋር እንዴት ይጓዛሉ?

ወላጆቻችሁ ገበሬዎች ከነበሩ ይህን ጠይቋቸው፦ ዘንድሮ ባቄላ በተዘራበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴው ወይም ገብሱ ለምን ያምራል? ገበሬው ይህን በልምድ ያውቀዋል። ዛሬ ምክንያቱንና ከእርሱ የተገኘውን ጥበብ እንማራለን።

1. ባክቴሪያውና ሥሩ

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ከአየር ግን በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች በጥራጥሬ ሥር ውስጥ ገብተው ትንንሽ እባጮች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ። በእባጮቹ ውስጥ ሆነው የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ወደሚሆን ነገር ይለውጡታል። ተክሉም በፈንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። ባክቴሪያውን ከእባጮቹ ለይቶ ያወጣው ሆላንዳዊው ቤይሪንክ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1888 ነበር።

2. ተሸካሚ ለምን ያስፈልጋል?

ተስማሚው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ ከሌለ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ቀድሞ ሰዎች ጥሩ ምርት ከሰጠ ማሳ አፈር እየዛቁ በአዲሱ ማሳ ላይ ይበትኑ ነበር። አፈር ግን ከባድ ነው፤ የሰብል በሽታና የአረም ዘርም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1896 ኖቤና ሂልትነር የተባሉ ጀርመናውያን ባክቴሪያውን ለብቻው አራብተው ለገበሬ የሚሸጥበትን ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ።

ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ብቻውን በዘር ላይ ቢደረግ ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል። መንገደኛ ስንቅና ጥላ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለእርሱም ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ጥሩ ተሸካሚ፦

ሀ) እርጥበት ይይዛል፤
ለ) ባክቴሪያውን አይጎዳም፤
ሐ) ዋጋው ርካሽ ነው፤
መ) ሥራውን ሲጨርስ በአፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል።

በብዙ አገሮች የሚሠራበት ተሸካሚ ፒት ነው። ፒት በረግረግ ቦታ ለብዙ ዘመን የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። በኬንያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፒት ፈንታ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተጣርቶ የሚቀረውን የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ ተጠቅመዋል። ባዮፊክስ የተባለው ሕያው ማዳበሪያ የተሠራው በዚህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት ነው። ባክቴሪያው ከአልጂኔት ጋር ይደባለቅና ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውኃ ውስጥ ሲንጠባጠብ ጠብታው እንደ ዶቃ ይረጋል። ዶቃው በአፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ሲበሰብስ ባክቴሪያው ይወጣል። ዋጋው ግን ከፒት ይበልጣል።

3. አጠቃቀም

ዘሩን በሳህን አድርጋችሁ በውኃ በሟሟ የግራር ሙጫ አርሱት። ዱቄቱን ጨምራችሁ ዘሩ ሁሉ እስኪለብስ ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። በጥላ ሥር አስጡት እንጂ ፀሐይ አታሳዩት። በዚያው ቀን እርጥበት ባለው አፈር ዘርታችሁ ወዲያው አልብሱት።

4. ሙከራ

በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ሁለት መስመር አዘጋጁ፤ አንዱ ባክቴሪያ የተቀባ ዘር፣ ሌላው ያልተቀባ። ያልተቀባውን አስቀድማችሁ ዝሩ፤ አለዚያ በእጃችሁ ባክቴሪያ ታደርሱበታላችሁ። አበባ ሲጀምር ከየመስመሩ አንዳንድ ተክል ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡ። ጎትታችሁ ከነቀላችሁት እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። እባጩን በምላጭ ስትከፍሉት ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

ለወላጆች

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቅርብ የበቀለ ተመሳሳይ ሰብል ቆፍራችሁ ሥሩን እዩ። ውስጣቸው ቀይ የሆነ ብዙ እባጮች ካሉት ባክቴሪያው በአፈሩ ውስጥ አለ፤ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ስትገዙም የሰብሉን ስምና ቀኑን አስነብቡ። ለባቄላ የተዘጋጀው ለአተርና ለምስርም ይሆናል፤ ለቦሎቄ ግን አይሆንም። ቀኑ ያለፈበትን ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚሸጠውን አትግዙ። የሞተ ባክቴሪያ ከሕያው በዓይን አይለይም። ገዝቶ የዘራ ሰው የሚያውቀው ገንዘቡም የዘር ወቅቱም ካለፈ በኋላ ነው።

ጥያቄዎች

1. የተቀባ ዘር በፀሐይ የማይሰጣው ለምንድን ነው?
2. ከተሸካሚዎቹ መካከል በአካባቢያችን ሊገኝ የሚችለው የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. ያልተቀባውም መስመር ቀይ እባጭ ቢያወጣ ስለ አፈሩ ምን ትረዳላችሁ?