‹‹ያምራል›› ብቻ አይበቃም፦ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ፎቶ ስለማንሳትና በፎቶ ላይ ስለመወያየት

መግቢያ

ካሜራ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚጠብቃት አንዲት ቃል አለች፤ ‹‹ያምራል!›› የምትል። ፎቶውን ያሳያል፣ ጓደኛው ‹‹ያምራል›› ይለዋል፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። እኔም እስከ ሁለተኛ ዓመት አጋማሽ ድረስ በፎቶ ላይ መወያየት ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ላቀርብ የፈለግኩት ሐሳቤን ያስቀየረችኝን አንዲት ፎቶና ከእሷ ተነስቼ ስለ ጉዞና ስለ ቅርስ ፎቶ የተማርኩትን ነው። በመጀመሪያ ስለ ቦታው፣ ቀጥሎ ስለ ስህተቴ፣ ከዚያም ስለ ብርሃንና ስለ መግለጫ አጻጻፍ፣ በመጨረሻም ፎቶ ይዘን ስንገናኝ ምን ብንጠያየቅ እንደሚሻል እናያለን።

ቦታው

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት። ዞኑ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የተመዘገበው አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሐውልት አይደለም፤ መልክዓ ምድሩ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ በመካከሉ ደግሞ ሕዝቡ በኖረበት እውቀት የሚጠብቀው ደን አለ። በባህላዊው እምነት ሥርዓት የሚፈጸምባቸው የተከበሩ ደኖችም አሉ። በተራሮቹ ወገብና ጫፍ ላይ ትክል ድንጋዮች ተሰብስበው ይገኛሉ። ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቲቲ እና ሳካሮ ሶዶ ከሚታወቁት ቦታዎች መካከል ናቸው።

ብዙዎቻችን ትክል ድንጋይ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ጥያ ነው። እርግጥ ጥያ እ.ኤ.አ. በ1980 ቀድሞ የተመዘገበና 36 ትክሎች ያሉት ቦታ ነው፤ በድንጋዮቹ ላይ የሰይፍ ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። የጌዴኦዎቹ ግን ይለያሉ። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ። የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸውም አሉ። በቁጥርም ቢሆን የጌዴኦ ትክሎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ረጃጅሞቹ እስከ ስድስት ሜትር ይደርሳሉ።

ስህተቴ

እኛ ካሜራ የምንወድ ስምንት ተማሪዎች ነን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ፈልገን እንቀመጣለን። ሳምንቱን ያነሳነውን በላፕቶፕ እናያለን። ደህና ካሜራ ያለን ለሁለታችን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በስልካቸው ነው የሚያነሱት፤ አንዳንዴ ደግሞ የስልኩ ይበልጣል።

አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ቱቱ ፈላ ሄድኩ። የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የመመለሻ ትራንስፖርት እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ ነበር። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተከትሎኝ ስለነበር፣ ዘንበል ያለች ድንጋይ ላይ ‹‹ውጣና ተቀመጥ›› አልኩት። ወጣ፤ ሳቀ፤ አነሳሁት። በዚያ ዓመት ካነሳሁት ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ፎቶ ነበር።

ዓርብ ሳሳያቸው ሁሉም ‹‹ያምራል!›› አሉ። የልጁ ሳቅ፣ የእንሰቱ አረንጓዴ፣ ሁሉም ተነሳ። አንዲት የጌዴኦ ልጅ የሆነች የክፍላችን ተማሪ ብቻ ዝም አለች።

‹‹አንቺስ ምን ትያለሽ?›› አልኳት።

‹‹ልጁ የተቀመጠበት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?››

‹‹ትክል ድንጋይ ነዋ።››

‹‹መቃብር ነው። አያትህ መቃብር ላይ ልጅ አስወጥተህ ፎቶ ታነሳለህ?››

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ግን ለመከራከር ሞከርኩ። ልጁ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ እኔ ባልመጣም መውጣቱ አይቀርም አልኩ። የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳሁትም፦ ‹‹እሱ ሲጫወት መውጣቱ ሌላ፣ አንተ ውጣ ስትለው ሌላ። ነገ ደግሞ ፎቶህን ያየ ሁሉ መውጣት ይቻላል ብሎ ነው የሚመጣው።››

ልክ ነበረች። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም በቱቱ ፈላ ያደረገው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር የሰው ቀብር መኖሩን አሳይቷል። እኔ ይህን ሳላነብ ነው ካሜራ ይዤ የሄድኩት። የዜና ሀሁ ‹‹ከመውጣትህ በፊት አንብብ›› መሆኑን በአንደኛ ዓመት ተምረናል፤ ለፎቶ የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር።

ብርሃን

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያችው ልጅና ከሌላ አንድ ጓደኛችን ጋር ተመልሼ ሄድኩ። አሁን መጀመሪያ ያደረግነው ቦታው አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ አባት ቤት መሄድ ነው። ‹‹አባባ፣ ፎቶ ማንሳት ፈልገን ነበር፣ ይፈቅዱልናል?›› አልኩ፤ እሷ በጌዴኡፋ አስተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ካሜራውን ካዩ በኋላ እኔን አዩኝ። ‹‹ባለፈውም መጥተህ ነበር አይደል ልጄ? ያኔ አልጠየቅከኝም›› አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡና ካስጠጡን በኋላ ‹‹አሁን ብትሄዱ ፊታቸውን አታዩትም፤ ፀሐይ ዝቅ ትበልና እወስዳችኋለሁ›› አሉን።

ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ጥልቀት የሌለው ቅርጽ ጥላ አይጥልም፤ ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ጠዋት ወይም ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዷ መስመር ጥላ ትይዛለች። ያኔ ዓይኑም፣ አፉም፣ እጁም ይወጣል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ያነሳኋት ድንጋይ ፊት እንዳላት እንኳ አላየሁም ነበር።

ሌሎችም የተማርናቸው ነገሮች አሉ፦

አንደኛ፣ ረጅም ድንጋይ ሥር ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ድንጋዩን ጫፉ ላይ ያቀጥነዋል፣ የወደቀም ያስመስለዋል። ራቅ ብሎ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዛፍ ሥር ጥላውና ሰማዩ በጣም ይራራቃሉ። ካሜራው ለጥላው ሲመጥን ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በተቻለ መጠን ሰማዩን ከፎቶው ማስወጣት፣ ወይም ደመና ቀን መምረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ከጎኑ ይቁም፤ ላዩ ላይ ግን አይደለም።

አራተኛ፣ ቅርጹ እንዲታይ ብሎ ድንጋዩን በጠመኔ ማቅለም ወይም ሽበቱን መፋቅ ቅርሱን መጉዳት ነው። የጎን ብርሃን ይህን ሥራ በነጻ ይሠራል።

መግለጫው

የመጀመሪያው ፎቶዬ መግለጫ እንዲህ ይል ነበር፦ ‹‹አንድ ሕፃን በጥንታዊ የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ላይ››። አንድ መስመር ናት፤ ስንት ጉድለት እንዳለባት ግን ቆጥረናል። የቦታው ስም የለም፣ ቀኑ የለም፣ ድንጋዩ የመቃብር መሆኑ አልተጻፈም። ‹‹ጥንታዊ›› የሚለውም ምንም አይነግርም። ዕድሜው ራሱ የጥናት ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሸናፊ ዜና እና አንድሩ ደፍ ያወጡት ጥናት የሳካሮ ሶዶን ትክሎች እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወስዷቸዋል፤ ይህም ከዚያ በፊት ይታሰብ ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የድሮ መጽሐፍ አይቶ ዕድሜ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስምም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 እና 1935 ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን ከፍራንክፈርት ተነስቶ ቡድን መርቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ቡድኑ ፎቶም ሥዕልም ይዞ ተመልሷል። በዚያ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ይህ ሕዝብ ‹‹ደራሳ›› ተብሎ ይጠራል፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ግን ጌዴኦ ነው። ፎቶው ዘጠና ዓመት ሲቆይ መግለጫውም አብሮት ይቆያል። እኛም ዛሬ የምንጽፋት አንድ መስመር እንደዚሁ ልትቆይ ትችላለች።

ይህ በድንጋይ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በነበረው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ እናቶችና ሕፃናት በመጠለያ ውስጥ ፎቶ ተነስተዋል። ያ ፎቶ ችግሩን ለማሳወቅ ጠቅሟል። ነገር ግን ፊቷ የታየ እናት ከዚያ በኋላም ያችው ሰው ናት፤ ወደ ቤቷ ተመልሳ ገበያ ትወጣለች። ስሟን ጠይቆ፣ ፈቃዷን አግኝቶ ያነሳና ‹‹ተፈናቃይ›› ብሎ ብቻ የለጠፈ እኩል አይደሉም።

ምን እንጠያየቅ?

አሁን ዓርብ ስንገናኝ ‹‹ያምራል›› ማለት አልከለከልንም፤ ፎቶ ካማረ አማረ ነው። ግን ከዚያ በፊት ያነሳው ሰው አምስት ጥያቄ ይመልሳል፦ የት ነው? መቼ፣ በስንት ሰዓት? ማንን አስፈቀድክ? በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ስሙ ማን ነው? ፎቶውን ያየ ሌላ ሰው እዚያ ሄዶ ምን ሊያደርግ ይችላል? የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመረችው ያች ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ስለ ብርሃኑና ስለ ሌንሱ እንነጋገራለን።

ማጠቃለያ

የጉዞና የቅርስ ፎቶ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ድንጋይ አይሸሽም፣ አይከራከርም። ግን ድንጋዩ የሚያከብረው ሰው አለው። ማንበብ፣ ማስፈቀድ፣ ብርሃን መጠበቅና በትክክል መግለጽ ለአንድ ጋዜጠኛ የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም፤ እኔ ሽማግሌውን ባላስፈቅድ ኖሮ የብርሃኑንም ሰዓት አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዋን ፎቶ ከራሴ ዘንድ አጥፍቻታለሁ። ሆኖም ያን ዕለት ሁለት ጓደኞቼ በፍላሽ ወስደዋት ስለነበር ዛሬ የት እንደደረሰች አላውቅም። በሁለተኛው ጉዞ ልጁን ፈልጌው ነበር። ላገኘው አልቻልኩም፤ ስሙን አልጠየቅኩትም ነበርና ማን ብዬ ልጠይቅ?